ፊዚዮቴራፒ የሕመም ማስታገሻ ነውን? በሩማቶይድ አርትራይተስ ሕክምና ላይ የቀረበ ሒሳዊ ግምገማ

መግቢያ

የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኛ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ በቅድሚያ የሚናገረው ስለ ሕመሙ ነው። የጣቶቹ መገጣጠሚያዎች ማበጣቸውን፣ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ እጆቹ ተሳስረው አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ አልታዘዝ እንደሚሉት፣ ቁልፍ መቆለፍና ብርጭቆ ማንሣት እንደተሳነው ያስረዳል። ሐኪሙ መርምሮ የማስታገሻ መድኃኒት ያዝዛል። ሕመሙ አልበርድ ሲል ደግሞ በመላኪያ ወረቀት ላይ «ለፊዚዮቴራፒ» የሚል አንድ ቃል ጽፎ ወደ ሌላ ክፍል ይሸኘዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም በሽታው ያለበትን ደረጃ፣ ሕመምተኛው የሚወስደውን መድኃኒትና የሚፈለገውን ውጤት የሚያመለክት ነገር በወረቀቱ ላይ ስለማያገኝ በእጁ ባለው መሣሪያ ሕመሙን ለማስታገሥ ይጥራል።

ይህ አሠራር ከመለመዱ የተነሣ ጥያቄ ሲነሣበት እምብዛም አይሰማም። ይሁን እንጂ ሦስት ጥያቄዎች ሊነሡበት ይገባል። አንደኛ፣ ሕመሙ ከየት የመጣ ነው? ሁለተኛ፣ ፊዚዮቴራፒ ተብሎ በጥቅሉ የሚጠራው ሕክምና በሕመም ላይ ያለው ኃይል በጥናት ሲመዘን ምን ያህል ነው? ሦስተኛ፣ ይህን ሕክምና በሕመም ማስታገሻነቱ ብቻ መመዘን ከሚሰጠው ዋነኛ ጥቅም ዐይንን ማንሣት አይሆንምን?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፊዚዮቴራፒን ማቃለል አይደለም። የሚተቸው ሕክምናው የሚታዘዝበትና የሚመዘንበት መንገድ ነው። በመረጃው የሚደገፈው ድምዳሜ የሚከተለው ነው፤ ፊዚዮቴራፒ በሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ ደካማ የሕመም ማስታገሻ፣ ነገር ግን ብርቱ የአቅም ማስመለሻ ነው፤ ይህም ኃይሉ የሚገኘው ከመሣሪያው ሳይሆን ከሕመምተኛው ከራሱ እንቅስቃሴ ነው።

የሕመሙ ምንጮች

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት የራሱን አካል በማጥቃቱ የሚመጣ፣ ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ በሽታ ነው። ብግነቱ የሚጀምረው መገጣጠሚያዎችን ከውስጥ በሚሸፍነው ሲኖቪየም በተባለው ስስ ሽፋን ላይ ሲሆን፣ ሕክምና ካላገኘ ካርቲሌጁንና አጥንቱን ይበላል። ብዙውን ጊዜ የሁለቱንም እጆችና እግሮች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ያጠቃል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ በሚደርስ መጠን ይበዛል። በአገራችን ይህን ሕመም ከሌሎች የመገጣጠሚያ ሕመሞች ጋር ቀላቅሎ ቁርጥማት፣ ሪህ ወይም ብርድ ብሎ መጥራት የተለመደ በመሆኑ፣ ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ከመምጣቱ በፊት ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው «ያመኛል» ሲል ቃሉ አንድ ቢሆንም ምንጩ ቢያንስ አራት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው የብግነት ሕመም ነው። ይህ በዕረፍት ጊዜና በማለዳ የሚብስ፣ እብጠትና ሙቀት የሚታይበት፣ ሲንቀሳቀሱ ቀስ በቀስ የሚላላ ነው። ሁለተኛው ከተጎዳ መገጣጠሚያ የሚመነጭ ነው፤ በሥራ ይብሳል፣ ወደ ማታ ይጠነክራል፣ ሲያርፉ ይቀንሳል። ሦስተኛው ከጡንቻ መድከምና መክሳት የሚመጣ ነው፤ ደካማ ጡንቻ መገጣጠሚያውን መደገፍ ስለሚያቅተው ቀላል የሚመስለው ሥራ ሁሉ ሸክም ይሆናል። አራተኛው የነርቭ ሥርዓት ለሕመም ስሜት ከመጠን በላይ ንቁ ሲሆን የሚፈጠር ነው፤ እብጠቱ ከጠፋ በኋላም ይቀጥላል፣ ከእንቅልፍ እጦት፣ ከድካምና ከመንፈስ ጭንቀት ጋርም ይቆራኛል።

እነዚህ አራቱ አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። ለመጀመሪያው ዋናው መልስ የበሽታውን ሂደት የሚገታ መድኃኒት ነው፤ ሙቀትም ሆነ ማሸት የመከላከያ ሥርዓቱን ስሕተት አያርምም። ለሁለተኛው የመገጣጠሚያ ጥበቃ፣ ስፕሊንትና እንደ አስፈላጊነቱ ቀዶ ሕክምና ይረዳሉ። ለሦስተኛው ጡንቻን ማጠንከር ዓይነተኛ ሕክምና ነው። ለአራተኛው ደግሞ በመጠን እያደገ የሚሄድ የአካል እንቅስቃሴ፣ እንቅልፍን ማስተካከልና ሕመምተኛውን ስለ ሕመሙ ማስተማር ይጠቅማሉ። እንግዲህ «ለፊዚዮቴራፒ» የሚለው ቃል የሕመሙን ምንጭ ሳይለይ ሲጻፍ አንዱን ቁልፍ ለአራት በሮች የመስጠት ያህል ነው።

ከአልጋ ዕረፍት ወደ እንቅስቃሴ

የሕክምናው ታሪክ ራሱ ለዛሬው አሠራር ትምህርት አለው። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆን ሂልተን እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው መጽሐፉ ዕረፍት ለታመመ አካል ያለውን የፈዋሽነት ኃይል አጥብቆ አስተምሯል። የእርሱና የመሰሎቹ አስተሳሰብ በመገጣጠሚያ በሽታዎች ሕክምና ላይ ለረጅም ዘመን የጎላ ተጽዕኖ ነበረው። ብግነት ያለበትን መገጣጠሚያ ማሳረፍ ሕመሙን ስለሚቀንስ፣ የአልጋ ዕረፍትና መገጣጠሚያን አስሮ ማስቀመጥ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ተገቢ ሕክምና ይታይ ነበር። ሕመሙ ለጊዜው ይቀንስ ነበር፤ ጡንቻው ግን ይመነምናል፣ መገጣጠሚያው ይገተራል፣ አጥንቱ ይሳሳል።

እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ኮርቲዞንን ለሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኛ በሰጠ ጊዜ የታየው ለውጥ እጅግ የሚያስደንቅ ስለነበር በ1950 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማትን አስገኝቶለታል። ሆኖም መድኃኒቱ ሲቋረጥ በሽታው እንደሚያገረሽ፣ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲሰጥም አጥንትን እንደሚያሳሳና ሌሎች ከባድ ጉዳቶችን እንደሚያስከትል ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። ከሁለቱም የታሪክ ምዕራፎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የሕመም መቀነስና የበሽታ መገታት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን እንደ ሌላው መቁጠር ሕመምተኛውን ዋጋ ያስከፍላል።

እንቅስቃሴ መገጣጠሚያን ይጎዳል የሚለውን ፍርሃት በሚገባ የፈተነው በኔዘርላንድስ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት 309 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ቡድን ተመድበው፣ አንደኛው ቡድን ለ2 ዓመታት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለ75 ደቂቃ ብስክሌት መርገጥን፣ የጡንቻ ማጠንከሪያንና ጨዋታን ያካተተ ጠንከር ያለ ልምምድ አድርጓል። የተለማመዱት ሰዎች ዕለታዊ ተግባር የማከናወን አቅምና አካላዊ ብቃት ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ሲገኝ፣ የእጅና የእግር ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ጉዳት በልምምዱ ምክንያት አልጨመረም። ይሁን እንጂ ትልልቅ መገጣጠሚያዎቻቸው አስቀድመው በእጅጉ በተጎዱባቸው ሰዎች ላይ ጉዳቱ የመባባስ አዝማሚያ ስላሳየ፣ ለእነርሱ ልምምዱ በተለየ ጥንቃቄ መመረጥ እንዳለበት ተገንዝቧል።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

ፊዚዮቴራፒ በሁለት ወገን ተከፍሎ ሊታይ ይችላል። አንደኛው ወገን ሕመምተኛው ተኝቶ ወይም ተቀምጦ የሚቀበለው ሕክምና ነው፤ ሙቀት፣ በረዶ፣ የፓራፊን ሰም፣ አልትራሳውንድ፣ ሌዘርና ቴንስ የሚባለው በቆዳ በኩል የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ሁለተኛው ወገን ሕመምተኛው ራሱ የሚሠራው እንቅስቃሴ ነው።

የመጀመሪያውን ወገን በተመለከተ ኮክሬን በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ግምገማ በሙቀትና በቅዝቃዜ ላይ የተሠሩ 328 ሰዎችን ያካተቱ 7 ጥናቶችን መርምሯል። ሙቅና ቀዝቃዛ መጠቅለያዎች በእብጠት፣ በሕመምም ሆነ በመጨበጥ ኃይል ላይ ጉልህ ለውጥ አላሳዩም፤ ጉዳትም አልታየባቸውም። የፓራፊን ሰም ግን ከእጅ ልምምድ ጋር ተዳብሎ ለ4 ሳምንታት ሲሰጥ መልካም ውጤት ተገኝቷል። እዚህ ላይ «ከእጅ ልምምድ ጋር ተዳብሎ» የሚለውን ሐረግ ማስተዋል ያስፈልጋል።

በቴንስ ላይ በ2003 የወጣው ግምገማ ያገኘው 78 ሰዎችን ብቻ ያካተቱ 3 ሙከራዎችን ሲሆን፣ ውጤታቸውም እርስ በርሱ የማይስማማ ነበር። በአነስተኛ ኃይል ሌዘር ላይ በ2005 የወጣው ግምገማ በ222 ሰዎች ላይ የተደረጉ 5 ሙከራዎችን መርምሮ፣ ከማስመሰያ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ሕመሙ በሕመም መለኪያ መስመር ላይ በ1.1 ነጥብ፣ የጠዋቱ መተሳሰርም በ27.5 ደቂቃ መቀነሱን ዘግቧል። ይህ ከምንም የሚሻል ቢሆንም የጥቂት ሳምንታት ውጤት ነው። በማዕድን ውኃና በፍል ውኃ መታጠብን በሚመለከት በ2015 የወጣው ግምገማ ደግሞ 579 ሰዎችን ያካተቱ 9 ጥናቶችን መርምሮ፣ ከሌሎች ሕክምናዎች ይበልጣል ለማለት የሚያስችል በቂ ማስረጃ አላገኘም።

ወደ ሁለተኛው ወገን ሲታለፍ ሥዕሉ ይለወጣል፤ ሆኖም ብዙዎች በሚጠብቁት መንገድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ተካሂዶ በ2015 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣው ሳራ የተሰኘ ሙከራ 490 ሕሙማንን አካትቷል። ሕሙማኑ የእጅ መገጣጠሚያዎችን የሚያፍታቱ 7 እና ጡንቻን የሚያጠነክሩ 4 እንቅስቃሴዎችን ከባለሙያ ተምረው በየቀኑ በቤታቸው እንዲሠሩ ተደረገ። ከ12 ወራት በኋላ የእጅ አገልግሎት መለኪያው በተለማመዱት ላይ በ7.9 ነጥብ ሲሻሻል፣ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ባገኙት ላይ የተሻሻለው በ3.6 ነጥብ ነበር። በሕመም ረገድ ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። በእጅ ልምምድ ላይ በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማም 841 ሰዎችን ያካተቱ 7 ጥናቶችን አይቶ ተመሳሳይ አቅጣጫ ያለው ድምዳሜ ላይ ደርሷል፤ ልምምዱ በመካከለኛና በረጅም ጊዜ የእጅን አገልግሎት በመጠኑ ያሻሽላል፣ በሕመም ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ጥቂት ወይም ምንም ነው።

መላ አካልን የሚያሳትፍ፣ ትንፋሽንና የልብን ምት ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ በሕመም ላይ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። 1,040 ሕሙማንን ያካተቱ 14 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ በ2010 የታተመ ጥናት ሕመም መቀነሱን፣ የኑሮ ጥራትም መሻሻሉን አረጋግጧል፤ የሕመሙ ቅናሽ ግን አነስተኛ ነው።

የባለሙያ ማኅበራት መመሪያዎችም ወደዚሁ ያመዝናሉ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤናና የእንክብካቤ ልህቀት ተቋም በ2018 ባወጣው መመሪያ ሕሙማን ለአጠቃላይ ብቃት፣ ለመገጣጠሚያ መተጣጠፍና ለጡንቻ ጥንካሬ የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ማግኘት እንዳለባቸው ሲደነግግ፣ ቴንስንና የሰም ሕክምናን የጠቀሰው ለአጭር ጊዜ ማስታገሻነት ብቻ ነው። የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ የ2022 መመሪያ ደግሞ ያለማቋረጥ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግን በጥብቅ ሲመክር፣ ሙቀትና ቅዝቃዜን በቅድመ ሁኔታ ይደግፋል፤ የኤሌክትሪክ ሕክምናን ግን በቅድመ ሁኔታ አይመክርም።

ጥናቶቹ ራሳቸው ሲመዘኑ

ጥናቶቹን እንዳሉ መቀበልም ተገቢ አይሆንም። አብዛኞቹ የመሣሪያ ሕክምና ሙከራዎች በጥቂት ሰዎች ላይ፣ ለጥቂት ሳምንታት የተደረጉ ናቸው። ልምምድ በሚሠራ ሰው ላይ የማስመሰያ ሕክምና መስጠት አይቻልም፤ ሕመምተኛው የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ ስለሚያውቅ ተስፋውና የባለሙያው እንክብካቤ በመልሱ ላይ ተጽዕኖ ያደርጋሉ። ሕመም የሚለካውም ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 10 በሚደርስ አንድ መስመር ላይ ምልክት በማድረግ ነው። ከላይ የተጠቀሱት አራት የሕመም ዓይነቶች በዚህ መስመር ላይ ተደባልቀው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። የጡንቻ ድካም ሕመሙ የቀነሰለትና የብግነት ሕመሙ የጨመረበት ሰው ከወር በፊት የሰጠውን ቁጥር ዛሬም ሊደግም ይችላል። እንዲህ ያለው መለኪያ ልምምዱ አልጠቀመም ብሎ ሊመሰክር ይችላል፤ ምስክርነቱ ግን ሙሉ አይደለም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በሳራ ሙከራ ሕመሙ ሳይለወጥ የእጅ አገልግሎት መሻሻሉ እንደ ድክመት ሊቆጠር አይገባውም። ቀድሞ በሕመም ምክንያት ሥራውን ትቶ የነበረ ሰው አሁን በዚያው የሕመም መጠን የበለጠ ሥራ እየሠራ ከሆነ ትልቅ ነገር አግኝቷል። እንጀራ መጋገር ትታ የነበረች እናት ምጣድ ፊት ተመልሳ አክንባሎውን በገዛ እጇ ካነሣች፣ በመስመሩ ላይ ያለው ቁጥር ባይለወጥም ሕይወቷ ተለውጧል። መለኪያው ይህን ካላየ ጉድለቱ የመለኪያው ነው።

በሌላ በኩል የዚሁ ሙከራ ተሳታፊዎች ከ2 ዓመት በላይ ቆይተው ሲመረመሩ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠብቦ በስታትስቲክስ ረገድ ጉልህነቱን አጥቷል። ልምምድ እንደ ክትባት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። ክትትልና ማበረታቻ ከሌለው የሚገኘው ጥቅም ሊዘልቅ አይችልም።

በአገራችን ያለው አሠራር

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ምን ይነግረዋል? በመጀመሪያ ደረጃ ሙቀትን በሚመለከት ሕዝቡ የራሱ የቆየ ልማድ አለው። የአዲስ አበባ ከተማ አመሠራረት ራሱ ከፍል ውኃ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሶደሬና ወንዶ ገነትም በፍል ውኃቸው ይታወቃሉ። ሕመምተኛው ከፍል ውኃ ሲወጣ ሰውነቱ እንደሚፍታታ ሲናገር የሚለው እውነት ነው። ባለሙያው ይህን ማጣጣል አይገባውም። ሆኖም የተፍታታው ሰውነት ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ብልህነቱ እነዚያን ሰዓታት ለእንቅስቃሴ መጠቀም ነው። ያው ትምህርት ለሰም ሕክምናም ይሠራል፤ ሙቀት ለልምምድ መንገድ ጠራጊ እንጂ በራሱ መድረሻ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ለመሣሪያ የሚሰጠው ክብር ነው። ሕመምተኛው መብራት የሚበራበትና ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ሲያይ ታከምሁ ይላል፤ ጣቶቹን እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ሲነገረው ግን ምንም እንዳልተደረገለት ሊሰማው ይችላል። ባለሙያውም ብዙ ሰው ስለሚጠብቀው አንዱን ከመሣሪያው ጋር አገናኝቶ ወደ ሌላው ማለፍ ይቀለዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ከመሆኑም በላይ አብዛኞቹ የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ነው። ስለዚህ ከገጠር የመጣ ሕመምተኛ ለመሣሪያ ሕክምና በተደጋጋሚ እንዲመላለስ ሲታዘዝ፣ በታመሙ እግሮቹ የሚሄደው መንገድና ለትራንስፖርት የሚከፍለው ገንዘብ ከሚያገኘው ማስታገሻ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ጊዜ መጥቶ በሚገባ ተምሮ ቢመለስ፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ ለክትትል ቢመጣ ይሻለው ነበር።

በአንጻሩ ይህ እጥረት ለልምምድ ሕክምና እንቅፋት አይሆንም። የእጅ ልምምድ የኤሌክትሪክ ኃይል አይፈልግም። ጣትን አጥፎ መዘርጋት፣ አንጓን ማዞር፣ አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በየተራ ማገናኘት፣ ሊጥ ወይም የተጠቀለለ ጨርቅ መጨበጥ በማንኛውም ቤት ይቻላል። የመገጣጠሚያ ጥበቃ ትምህርትም ከኑሮው ጋር መስማማት አለበት። ከውጭ በተቀዱ ሥዕሎች ላይ የሚታየው የቆርቆሮ መክፈቻ ለብዙዋ እናት ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚኖረው ትልቁን ጀሪካን በትንንሽ ዕቃ መተካት፣ ጀበናን በሁለት እጅ መያዝ፣ ልብስን በመጠምዘዝ ፈንታ ተጭኖ ወይም ሰቅሎ ማንጠፍጠፍ፣ ቡና መውቀጥን ለሌላ የቤተሰብ አባል መስጠት፣ ለምጣድ ሥራ በቁመት ልክ የሆነ መቀመጫ ማዘጋጀት ነው።

ማስታገሥ ሲያዘናጋ

የዚህ ትችት ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ፊዚዮቴራፒ የሕመም ማስታገሻ ተደርጎ ሲታዘዝ፣ ሕመሙ የተወሰነ ቢቀንስ ሐኪሙም ሕመምተኛውም የተሳካ ሕክምና የተሰጠ ይመስላቸዋል። ሜቶትሬክሴትና መሰል የበሽታውን ሂደት የሚገቱ መድኃኒቶች ሳይጀመሩ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ግን አጥንት የሚበላበት ወር ነው። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያካተተው መድኃኒት ነው። የደምና የጉበት ክትትል ይፈልጋል፤ በእርግዝና ጊዜም አይሰጥም። እነዚህ ጥንቃቄዎች መድኃኒቱን በሥርዓት ለመስጠት እንጂ በማሸትና በሙቀት ለመተካት ምክንያት አይሆኑም። የተበላ አጥንትን ደግሞ የትኛውም ልምምድ አይመልሰውም።

ሦስት ተጨማሪ አደጋዎችም አሉ። አንደኛው የአንገት ጉዳይ ነው። በሽታው ለረጅም ጊዜ በቆየባቸው ሰዎች ላይ የላይኛዎቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች መያዣ ሊላላ ይችላል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ አንገትን ጎትቶ ወይም ጠምዝዞ ማቃናት፣ በወጌሻ እጅም ይሁን በሠለጠነ ባለሙያ እጅ፣ የኅብለ ሰረሰርን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ሁለተኛው፣ ከሌሎቹ ተለይቶ በድንገት ያበጠና የጋለ አንድ መገጣጠሚያ ነው። ይህ የበሽታው ማገርሸት ነው ተብሎ ወደ ሙቀት ሕክምና መላክ የለበትም፤ የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ፈሳሹ ተቀድቶ መመርመር አለበት። ሦስተኛው፣ የቆዳ ስሜት በቀነሰበት ወይም ቆዳው በስቴሮይድ ምክንያት በሳሳበት ሰው ላይ የሚደረግ ሙቀት ቃጠሎ ሊያስከትል መቻሉ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ትችት ላይ ሁለት ተገቢ ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ሕመም ራሱ ስቃይ ነውና ለአንድ ሰዓት እንኳ ማስታገሥ የሕክምና ግዴታ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ሙቀትም ሆነ በረዶ ለሕመምተኛው ምቾት ከሰጡትና ካልጎዱት ሊከለከል አይገባም። እንዲያውም በቤቱ በሞቀ ውኃ እጁን ዘፍዝፎ ማለዳውን እንዲጀምር መምከር መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ማስታገሻው የሕክምናው ሁሉ መጨረሻ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጊዜን ይመለከታል። በቀን እጅግ ብዙ ሰው የሚያይ ሐኪም ዝርዝር የመላኪያ ወረቀት ለመጻፍ ፋታ የለውም ይባላል። ነገር ግን የሚጠየቀው አራት አጫጭር መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው መስመር የበሽታውን ሁኔታ ይግለጽ፤ ብግነቱ የነደደ ነው ወይስ የበረደ? ሁለተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ይጥቀስ። ሦስተኛው ጥንቃቄ የሚሹትን ነገሮች፣ በተለይ የአንገትን ሁኔታ ይመዝግብ። አራተኛው ሕመምተኛው መልሶ ሊሠራው የሚፈልገውን አንድ ተግባር በስሙ ይጻፍ፤ «ጀበና ማንሣት»፣ «ደረጃ መውጣት»፣ «እስክሪብቶ መያዝ»። ይህ አራተኛው መስመር ለባለሙያው ዓላማ፣ ለሕመምተኛው ተስፋ፣ ለሐኪሙም በቀጣዩ ቀጠሮ የሚመዝንበት መለኪያ ይሆናል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም በበኩሉ እንደ ሁኔታው ይለያል። ብግነቱ በነደደ ጊዜ መገጣጠሚያውን በስፕሊንት ያሳርፋል፤ መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ ጡንቻን ለጥቂት ሰከንድ እያጠበቁ መልቀቅን ያስተምራል፤ በቀን ጥቂት ጊዜ በዝግታ ማፍታታትን ይፈቅዳል። ብግነቱ ሲበርድ ወደ ጡንቻ ማጠንከርና ወደ እርምጃ ያሳድገዋል። ለሕመምተኛው የሚሰጠው ቀላል መመሪያም አለ፤ ከልምምድ በኋላ የጨመረው ሕመም ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ መጠኑ በዝቷልና በሚቀጥለው ቀን ይቀነስ እንጂ ልምምዱ አይቋረጥ።

ማጠቃለያ

ፊዚዮቴራፒ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማን አስፈላጊ ሕክምና ነው። አስፈላጊነቱ ግን በሕመም ማስታገሻነቱ ብቻ ሲመዘን ጥናቶቹ ያሳንሱታል፤ ሕመምተኛው ሊሠራው በቻለው ነገር ሲመዘን ግን እውነተኛ ቦታውን ያገኛል። ብግነትን የሚያጠፋው መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱ ያተረፈውን እጅ ወደ ሥራ የሚመልሰው እንቅስቃሴ ነው። አንዱ ለሌላው ምትክ ሊሆን አይችልም፤ አንዱም ሌላውን መጠበቅ የለበትም።

ስለሆነም የማሻሻያው መጀመሪያ አዲስ መሣሪያ መግዛት አይደለም። ሐኪሙ ወረቀቱን ከመጻፉ በፊት «የትኛው ሕመም?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ ሕመምተኛውን ደግሞ «ምን መሥራት ናፈቀዎት?» ይበለው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም ሕመምተኛው ከክፍሉ ሲወጣ በቤቱ የሚሠራውን ልምምድ በትክክል አሳይቶ መሄዱን ያረጋግጥ። ይህን ያላገኘ ሕመምተኛ አንድ ቃል በተጻፈበት ወረቀት መጥቶ፣ ሙቀት ተቀብሎ፣ ነገ ጠዋት በሚተሳሰሩት በእነዚያው እጆች ወደ ቤቱ ይመለሳል።